ከሲስተር እጅ ብቻ

የነርሲንግ ትምህርት ቤቱ ፈተናውን አልፈሻል፣ ቦታ ሲገኝ ይደወልልሻል ብሎ ወደ ቤቷ ከላካት ወዲህ ልጅቷን የማይመክራት ሰው ጠፋ። ባለሱቁ ኮምፒውተር ብትማሪ ይሻላል አላት። የታላቅ ወንድሟ ጓደኛ መንጃ ፈቃድ አውጪ አላት። ሁሉም ምክሩን የሚቋጨው ጊዜሽን በከንቱ እንዳታሳልፊ እያለ ነው። መካሪዎቹን የራሳቸውን ጊዜ ምን እንዳደረጉት የጠየቃቸው የለም። ባለሱቁ ራሱ ግማሹን ቀን የሚገፋው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ እያንቀላፋ ነበር።

እሷ ግን የምታማርጥበት ጊዜ አላገኘችም። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት አክስቷ አንድ ቀን ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ወደቀች። ከሆስፒታል ስትመለስ ቀኝ እጅና እግሯ አይታዘዙም፣ አንደበቷም ተይዟል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቤት ድረስ መጥታ አየቻትና ልጅቷን አስጠነቀቀቻት። በአንድ ጎን ብቻ አታስተኟት፣ ይቆስላል። ቀና ሳትል እንዳታጎርሷት፣ ትን ይላታል። ደግሞም መናገር አቃታት እንጂ መስማት አላቃታትም፣ የምታደርጊላትን ሁሉ አስቀድመሽ ንገሪያት አለቻት።

ልጅቷ ይህን የመጨረሻውን እንደ ሕግ ያዘችው። አሁን ወደ ግድግዳው ላዞርሽ ነው ሳትል አታዞራትም፤ ውሃው ሞቅ ይላል ሳትል አታጥባትም። ሥራውን ስትጨርስ የሰፈሩን ወሬ ታወራላታለች፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ። በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም እንዳያንሾካሹክ ከለከለች። ወንድሟ ሐኪሙ ያለውን ለሚስቱ በጆሮዋ ሊነግራት ጎንበስ ሲል ያዘችው።

“እሷ ፊት ተናገር፤ ሰው ናት እንጂ ዕቃ አይደለችም” አለችው።

ወንድሟ አፈረ። ሲያፍር መቀለድ ይወዳልና “እሺ ሲስተር” አላት፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ። ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይላት ጀመር።

ሲስተርም ለስሙ የሚመጥን ሥራ ሠራች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ተመልሳ ስትመጣ አንሶላውን ገልጣ የአክስቷን ጀርባና ተረከዝ አገላብጣ አየችና ይህን ሁሉ ጊዜ ተኝታ እንዴት አንድ ቁስል አይወጣባትም ብላ ተገረመች። አክስቷ በሚታዘዝላት የአፏ ጎን ፈገግ አለች። ሲስተር ያን ቀን ደስታዋን የምታደርግበት ጠፋት። የምትጠብቀውን ትምህርት አስቀድማ የጀመረችው መስሎ ነበር የሚሰማት።

ከዚያ ስልኩ ተደወለ። ቦታ ተገኝቷል፣ እስከ ዓርብ በአካል ቀርበሽ ተመዝገቢ፣ ካለፈ ለሌላ ይሰጣል ተባለች። ትምህርት ቤቱ ሌላ ከተማ ነው፤ ማደሪያውም እዚያው። ሲስተር ስልኩን እንደዘጋች ወደ አክስቷ ሮጠች። ለማን ቀድማ ትናገር? አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት፤ ዓርብን፣ ማደሪያውን፣ ከእንግዲህ የምታበላት የወንድሟ ሚስት መሆኗን። አክስቷ ግራ እጇን አንስታ ጉንጯን ዳሰሰቻት። ሲስተር ምርቃት መሰላት።

የወንድሟ ሚስት እጇ ቀልጣፋ ነው፣ ልቧም ደግ። ማገላበጡንና ማጠቡን ወዲያው ለመደችው። ማብላቱ ግን አልሆነም። አክስቷ ማንኪያው ሲቀርብ ጥርሷን ግጥም ታደርጋለች፤ ሾርባው በአገጯ ይወርዳል። ሲስተር ማንኪያውን ስትቀበል አፏ ይከፈታል። ትራሱን ቀየሩ፣ ማንኪያውን ቀየሩ። የወንድሟ ሚስት የሲስተርን ሹራብ ለብሳ ገባች፤ ሁለቱም ሳቁ፣ የአክስቷ አፍ ግን አልተከፈተም። ሐሙስ ዕለት ሲስተር ሆነ ብላ ከቤት ወጥታ ዋለች። ማታ ስትመለስ ምሳውም እራቱም ሳህኑ ላይ ቀዝቅዞ ጠበቃት።

ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

“ትምህርት ቤቱ የትም አይሄድም፤ እሷ ግን በረሃብ ትሄድብናለች” አላት። “ያሳደገችሽ ናት፤ አንቺው ፍረጂ።”

አንጀቷ አልቻለም። ሾርባውን አሙቃ ገባችና ማንኪያውን አነሳች። አፉ ተከፈተ፤ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ሳይዘጋ ተከፈተ።

ዓርብን አንሶላ ስታጥብ ዋለች። ሲመሽ የተዘጋጀውን ሻንጣዋን ፈትታ ልብሷን ወደ ቦታው መለሰች። ከዚያም እንደ ልማዷ ለአክስቷ ነገረቻት። ዛሬ ምዝገባው አለፈ፣ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ አልሄድም አለቻት። ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች።

ጠዋት እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ ፀሐይ መስኮቱን አልፋለች፤ ባዶ እግሯን ወደ አክስቷ ክፍል ሮጠች። የወንድሟ ሚስት አልጋው ላይ ተቀምጣለች፣ ሳህኑ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል።

“ደክሞሽ ነው ብዬ ሳልቀሰቅስሽ እስቲ ልሞክር አልኩ” አለች ፊቷ በርቶ። “ይኸው ዛሬስ እሺ አለችኝ።”

አክስቷ ሲስተርን አየቻት። ከዚያ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረችና ለቀጣዩ ማንኪያ አፏን ከፈተች።

ሲስተር በሩን ይዛ ቆመች። ዓርብን የነገረቻት ራሷ ናት። ዓርብ ማለፉን የነገረቻትም ራሷ። ያሳደገቻትን ሴት ጠላቻት፤ መጥላቷም አሳፈራት። ፈርታ ነው፣ ሌላ ሰው ጋ መቅረት አስፈርቷት ነው ብላ ልታዝንላት ሞከረች፤ ንዴቱ ግን አልበርድ አላት። ለወንድሟ ሚስትም ቢሆን ምን ብላ ትንገራት? ሳህኑን ተቀብላ ልታጥበው ወጣች።

እኩለ ቀን ላይ ገብታ አክስቷን አንድም ቃል ሳትናገር ወደ ግራ አዞረቻት። አክስቷ ደንግጣ አልጋውን ጨበጠች። ሲስተር ውሃው ይሞቅ ይቀዝቅዝ ሳትናገር አጠበቻት። ከዚያን ቀን ወዲህ እንዲህ ሆነ። ከሥራው ያጎደለችው የለም፤ ጀርባዋ እንደዱሮው ንጹሕ ነው፣ አንሶላዋም ደረቅ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ስትመጣ ዛሬም ታመሰግናታለች። አክስቷ ግራ እጇን ስትዘረጋላት ሲስተር ብርድ ልብሱ ውስጥ ትመልስላታለች።

ቤተሰቡ ቅስሟ ስለተሰበረ ነው፣ ይወጣላታል አለ። ባለሱቁም ባገኛት ቁጥር ጊዜሽን በከንቱ እንዳታሳልፊ ማለቱን አልተወም።

ትምህርት ቤቱ እንደገና ተማሪ የሚጠራበት ወቅት ሲቃረብ ሲስተርና የወንድሟ ሚስት አክስቷ አጠገብ አንሶላ ያጥፉ ነበር። የወንድሟ ሚስት ዘንድሮስ ደውለሽ ጠየቅሻቸው ወይ አለቻት። ሲስተር እጥፉን ጨርሳ እጇን ያዘችና እስከ ግቢው ቧንቧ ድረስ ወሰደቻት፤ ውሃውን ከፈተችው፣ ከዚያም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ መልሱን በሹክሹክታ ነገረቻት።