ብልቃጡና ቅቤው

ከኮምቦልቻ የወጣን ማታ ልጄን ሰዓዳን ታቅፌ የተቀመጥሁት ማሽላ በሞላ ጆንያ ላይ ነበር። ያኔ አምስት ዓመቷ ነው። አባቷን ከዚያ በፊት የመንግሥት ሰዎች ወስደውት በዚያው ቀርቷል። የጭነት መኪናው ሾፌር የባሌ የሩቅ ዘመድ ስለሆነ እሺ ብሎ ጫነን እንጂ ለነፍሱ ይፈራ ነበር፤ ሸራውን ሲያለብሰን አንድ ነገር ብቻ አስማለኝ፤ ጆንያ እንዳልነካ። ተመዝኖ፣ ተሰፍቶ፣ ተቆጥሮ የሚሄድ እህል ነው፤ ጎደለ ከተባለ እሱም እኔም አለቀልን። እኔም በአላህ ስም ማልሁ። እናላችሁ፣ ቀንና ሌሊት እህል ላይ ተቀምጠን ተራብን። የያዝኋት ቂጣ በሁለተኛው ቀን አለቀች። ልጄ ጆንያውን በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች፣ እማ ይኼ ምንድን ነው ትለኛለች። አሸዋ ነው አልኋት።

መተማን አልፈን ገዳሪፍ ስንደርስ ፊቷ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ ነበር። እዚያ ነው ለጌታዬ ስለት የገባሁት፤ ይቺ ልጅ ከተረፈችልኝ በእኔ እጅ ዳግመኛ አትራብም ብዬ።

እንግዲህ እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ እሱንም ሕፃን ጡት እያጠባሁ፤ አጻጻፌ ከጠመመ እናንተ አቃኑት። ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁ እህቶቼ፣ እዚህም እንደኔ ልጅ አንጠልጥላችሁ ለመጣችሁ ነው። የደረሰብኝ ነገር ከማንም ቤት ሊደርስ ይችላል።

ከሱዳን ለንደን ስንመጣ መጀመሪያ የተከራየነው ሃርልስደን አንዲት ክፍል ነበር። ቁሌት ስጀምር የቤቱ ባለቤት አፍንጫውን ይዞ ወረደ። እንግሊዝኛ የምትችል ጎረቤቴ በመሐል ቆመች። ምንድን ነው የምታቃጥለው አለ። ሽንኩርት በይልኝ አልኋት። ለስንት ሰው ነው አለ። ለሁለት። ለሁለት ሰው ይኼ ሁሉ? አንዷ ተርባ የነበረች ልጅ ናት በይልኝ አልሁ። ሰውየው ተመልሶ ወጣ። በማግሥቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ወረቀት ለጠፈ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማንበብ ስለማልችል ቁሌቴን ቀጠልሁ።

የዚህ አገር ሽንኩርት ውኃ ነው፣ ቢያቁላሉት ቢያቁላሉት ጨዋ ወጥ አይሆንም። ፀሐዩም እንደተጣላ ዘመድ ነው፤ ብቅ ይላል፣ ቁጭ ሳይል ይሄዳል። ግን ምግብ አለ። ሰዓዳን አበላኋት። በቃኝ ስትል ይቺን ብቻ እላለሁ፣ ይቺን ከበላች በኋላ ለእናትሽ ስትይ እላለሁ። አደገች፣ አግብታ ፈታች፣ ኢማንን ወለደችልኝ፤ ኢማን ዛሬ ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ናት። ሰዓዳ አውቶቡስ ሾፌር ሆነች። ካውንስል የሚሉት የዚህ አገር ቀበሌ ዊልስደን ላይ ቤት ሰጠን። ፎቶዋን ለታናሽ እህቴ ለሐዋ ስልክላት፣ ማሻአላህ ተመችቷታል እንዴት ሞልታለች ትለኛለች፤ እኔም ስለቴ እንደደረሰ ቆጥሬ ደስ ይለኛል።

የሐኪሙ ሚዛን ግን ሌላ አለ። ስኳር ጀምሯታል፣ ክኒን ይሰጣት፣ ኪሎም ትቀንስ። ለዚያ የሚረዳትን ክፍል ስትጠይቅ ወረፋ ጠብቂ አሏት፤ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ደብዳቤ አልመጣም። እሷ ደግሞ ስኳሩ ከፍ ካለ መንጃ ፈቃዷን የሚነጥቋት እየመሰላት ትሠጋለች። ይኼን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ለኔ ያኔ አልነገረችኝም።

ያደረገችው ይኼ ነው። የሚያከሳ መርፌ በፖስታ የሚልክ የስልክ ሐኪም ቤት አግኝታ፣ ስልኳ ላይ ፎርም ሞላች። ኪሎዋን ራሷ ጻፈች፣ ፎቶ አንስታ ላከች፣ መኝታ ቤቷን ዘግታ ሐኪም ነኝ ከሚል ሰው ጋር በስልክ ለጥቂት ደቂቃ ተነጋገረች። ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ሲላት የለም አለች፤ የስኳሩን ክኒን ከሰማ ይከለክለኛል ብላ። በሳምንቱ ካርቶን በፖስታ መጣ። ፋብሪካ አሽጎ የሚያወጣው፣ እንደ እስክሪብቶ ያለው መርፌ አይደለም። እነሱ ራሳቸው የሚያስቀምሙት ነው፤ አንድ ብልቃጥ ፈሳሽና ባዶ መርፌዎች። መርፌው ላይ ያሉትን መስመሮች ቆጥረው እየቀዱ፣ በሳምንት አንዴ ሆድን መውጋት ነው። ያኔ ሰው አይርበውም። አያችሁልኝ፣ የማያስርብ መድኃኒት አለ ብሎ ገዳሪፍ ላይ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እግሩን እስም ነበር።

ከዚያ ረመዳን ገባ። በስሑር ሰዓት እቀሰቅሳታለሁ፣ ሁለት ተምር ቀምሳ ትተኛለች። ማታ ስናፈጥር ሾርባውን ነካ አድርጋ ትነሣለች። ልጄ ጾሙን አጠነከረችው ብዬ በጎረቤት ሁሉ አወራሁላት። ዒድ መጣ፤ ያ ሁሉ ምግብ ቀርቦ ሁለት ጉርሻ በላች። ከዒድ በኋላም ያው። ቀሚሷ ሰፋ፣ የጋብቻ ዘመኗ ቀለበት እንደገና ገባላት። እኔ ግን ጉንጯ ሲጎድል ያን የሸራ ሥር ፊት አየሁት። መጣ ተመልሶ አልሁ በሆዴ።

አንድ ቀን ፍሪጁን ሳጸዳ፣ ከቅቤዬ ብርኒ ጀርባ ካልሲ አገኘሁ። ካልሲ ውስጥ ብልቃጥ። የጎረቤታችን ባል ለስኳሩ የሚወጋው እንዲህ ያለ ስለሆነ፣ በሽታው ብሶባት መርፌ ጀምራለች፣ እንዳላዝን ደብቃኛለች አልሁ። በኛ ሰው ሕመሙን ከደበቀ እስኪናገር ይጠበቃል እንጂ አይመረመርም። ካልሲውን እንደነበረ ጠቅልዬ መለስሁት።

ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥሁም። ቅቤው ሐዋ በመንገደኛ የላከችልኝ የተነጠረ፣ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ የሚያውድ ነው። ሾርባዋን ከምድጃ ከማውረዴ በፊት በጭልፋ ጨመርሁበት። እንዳታውቅ ኑግ በጥብጬ ቀለሙን አጠፋሁት። ለኔ ስትይ እያልሁ አጠጣኋት። ሌሊት ስታስመልስ ሰማሁ። ባዶ ሆድ ነው የሚያስመልሳት ብዬ በማግሥቱ ጨመርሁ። ለሁለት ሳምንት እንዲህ ሆንን፤ አንድ ፍሪጅ፣ እሷ ከቅቤው ጀርባ ትደብቃለች፣ እኔ ቅቤውን ከሷ እደብቃለሁ።

ከዚያ በአንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መታጠቢያ ቤት ወደቀች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ስጠራት ከሩቅ ነው የምትመልሰው። አምቡላንስ መጣ።

ሆስፒታል ውስጥ በክንዷ ፈሳሽ ተክለውላት ሐኪሟ ትጠይቃታለች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ደግ ዓይን አላት። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ቢሆንም መድኃኒት የምትለዋን ቃል አውቃታለሁ። ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ ትላታለች። ሰዓዳ የስኳሩን ክኒን ብቻ ጠራች። ሌላስ አለቻት። ሰዓዳ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ነቀነቀች።

ሰው ፊት ልጅን ማጋለጥ ነውር ነው። ያደግሁበት ነው። ግን ልጄ እንደዚያ ሆና ያየኋት አንዴ ብቻ ነበር፤ ያኔም አሸዋ ነው ብዬ ዋሽቼ ነበር።

"አምሐሪክ። ቴሌፎን" አልኋት ሐኪሟን፣ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንዳላቸው ስለማውቅ።

ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። የወንድ ድምፅ መጣ።

"እናቴ፣ እንደምን አሉ? አስተርጓሚ ነኝ። የተባለውን ብቻ ነው የማስተላልፈው።"

"የማን ልጅ ነህ?"

"እሱን መናገር አይፈቀድልኝም።"

"ስምህንስ?"

"ቁጥር ነው ያለኝ፣ እናቴ።"

ስም የሌለው ያገር ልጅም ለንደን አየሁ። እሺ ብዬ ስለ ብልቃጡ ነገርሁት። ካልሲ ውስጥ እንደሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን በሯን እንደምትዘጋ። ሐኪሟ ፊቷ ተለወጠ፤ ብልቃጡ ቶሎ ይምጣ አለች። ከዚያ ምን ስትበላ ሰነበተች ብላ አስጠየቀችኝ። ሾርባ አልሁ። እሱ ጥሩ ነው፣ ቀላል ነው ይላሉ አለኝ።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር።

"ቅቤ አለበት በላቸው" አልሁ።

"ስንት ማንኪያ ይላሉ።"

"በጭልፋ ነው።"

ቀጥሎ፣ ቀስ ብሎ፣ "እናቴ፣ ጭልፋ ልበላቸው?" አለኝ።

"በላቸው።"

ሰዓዳ ዓይኗን ገለጠች። "ቅቤ?" አለች። የተባለውን ብቻ የሚያስተላልፈው ሰውዬም ቅቤ ያለችውን በእንግሊዝኛ ለሐኪሟ አስተላለፈላት።

ቤት ሄጄ ካልሲውን እንዳለ ይዤ መጣሁ። ሐኪሟ ብልቃጡ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በስልኳ አጉልታ አነበበችው። ሁለተኛው ብልቃጥ ነው፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ጠንክሮ የተቀመመ። ሰዓዳ ግን የለመደችውን ያህል መስመር ቆጥራ ነበር የምትቀዳው። መርፌው ሆዷን አሥሮ ይዞ፣ እሷ እያስመለሰች፣ ውኃ ከሰውነቷ አልቆ፣ ኩላሊቷን ሊጎዳ ደርሶ ነበር። ቅቤውስ አልሁ። ቅቤው ብቻውን እንዲህ አያደርግም፣ ግን አልረዳትም ይላሉ አለኝ አስተርጓሚው። አልረዳትም የምትለዋን ቃል እስከ ዛሬ ተሸክሜያታለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሻል ሲላት ቁጭ አለች። ይቅርታ ልላት ስጀምር እጄን ያዘች። የተናገረችውን አንድም ቃል ሳላጎድል ልጻፈው።

"እማ፣ እኔ ሱዳን የራበኝን አላስታውስም። ጆንያውንም፣ መኪናውንም አላስታውስም። የማስታውሰው ካልበላሁ የምታለቅሺውን ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት የበላሁት እንዳታለቅሺ ነው።"

አለቀስሁ። ይኸው አለች፣ ሁለታችንም ሳቅን፣ እኔ ግን ሳቄ ቶሎ አለቀ።

ቤት ከገባን በኋላ ለዚያ ለስልኩ ሐኪም ቤት የደረሰባትን ጻፈችላቸው። ወዲያው መለሱ። አነበበችልኝ፤ እንኳን ደስ አለሽ፣ ወደ ግብሽ እየተቃረብሽ ነው፣ ቀጣዩ ብልቃጥ መቼ ይላክልሽ ይላል። ማነው ይኼ አልኋት። ማሽን ነው አለችኝ። ሐኪሙስ? እሱን የማገኝበት የለም እማ አለች።

አሁን እውነተኛው ሐኪሟ ተቆጥቶም ቢሆን ቀጠሮ ሰጥቷታል። ምናልባት ፋብሪካ ያሸገውን መርፌ፣ ደሟን እየመረመሩ፣ በትንሹ ይጀምሩላታል። ስኳሩ እውነት ነውና ልትወስደው ትፈልጋለች። እኔ እፈራለሁ፤ ግን ፍርሃቴን ድስት ውስጥ ላልጨምረው ቃል ገብቻለሁ። ቅቤውን ብርኒውን እንዳለ ለጎረቤቴ ሰጠኋት። ፍሪጁን ስከፍት አሁንም ዓይኔ ወደ ጀርባ ይሄዳል።

ትናንት እሑድ ሐዋ በቪዲዮ ደወለች። ከኋላዋ ግቢያችን ውስጥ እንዲደርቅ የተሰጣ ቃጫ ይታያል፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚነፍሰው ነፋስ ስልኩ ውስጥ ይጮሃል፤ ያን ነፋስ ፊቴ ላይ ለማግኘት ስንት ቀን በእግሬ እሄድ ነበር። ሰዓዳ ከጀርባዬ አለፈች። ሐዋ አየቻት፣ ድምፅዋ ወረደ።

"እታለም፣ ይቺ ልጅ ምን ሆነች? በዚያን ጊዜ ከሱዳን የላክሽልንን ፎቶ መሰለች እኮ። እንግሊዝ አገር ተቀምጣችሁ ምግብ ጠፋ?"

ምግብ አለ አልኋት። መድኃኒት ነው፣ ረጅም ነው ወሬው አልኋት። እሷ አልሰማችኝም።

"ዛሬስ በላች?"

ሰዓዳ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማኛለች። ምድጃው ላይ ሾርባ አለ፤ ውኃና አጃ፣ ጨው ብቻ። ጭልፋው ተሰቅሏል።

"ትበያለሽ ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ" አልሁ።

"ምን አለች?"

"እንጃ፣ ሐዋ። መልሷን እየጠበቅሁ ነው።"