ሳክስፎኑ የጎደለው ሲዲ

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ከመግባቱ አንድ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ልደታ ገና አልፈረሰም፤ ኮንዶሚኒየሞቹም አልበቀሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሁሉ የማምስ ሰው ነኝ። ይህችን ግን ልረሳት አልቻልኩም፤ የአንድ ሰው ሱቅ በእኔ ጆሮ ምክንያት ሊዘጋ ለጥቂት የተረፈበት ጊዜ ነውና።

አስቀድሜ ጆሮዬን ላስተዋውቃችሁ። በወጣትነቴ አንድ ሆቴል ውስጥ እሠራ ነበር። ሆቴሉ የጃዝ ባንድ ነበረው። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ላገኘሁት ሰው ሁሉ «እኔ እኮ ከጃዝ ጋር አብሬ ሠርቻለሁ» እላለሁ። ውሸት አይደለም። የሙዚቀኞቹን ወንበር የምደረድረው፣ ሲጨርሱም የምሰበስበው እኔ ነበርኩ። ስለ ወንበሩ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አንስቼው አላውቅም።

በዚህች ወሬ ብቻ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብላ ባለች ሻይ ቤት ውስጥ ሹመት አገኘሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ጃዝ የምንወድ ስድስት ጡረተኞች እንሰበሰብባት ነበር። ሲዲ እንዋዋሳለን፣ እንከራከራለን፣ በአንድ ሻይ ሦስት ሰዓት እንቀመጣለን። ከመካከላችን አንዱ አዲስ ሲዲ ካየ «መኩሪያ ሰምቶታል ወይ?» ይባላል። እኔም ሲዲውን በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ ብርሃን አዘነብላለሁ፤ ጭረት እፈልጋለሁ፤ የሽፋኑን ጽሑፍ በጥፍሬ እፈገፍጋለሁ። ሙዚቃው ሲጀምር ደግሞ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ከዚያ «ጥርት ያለ ነው» ወይም «ኮፒ ነው» እላለሁ። ዓይኔን የምጨፍነው ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። የሚያምርብኝ መስሎኝ ይሆናል።

የምንገዛው ከኸይሩ ነበር። ኸይሩ ወደ ጠመንጃ ያዥ በሚወስደው መንገድ ዳር አልጋ የማታስገባ ሙዚቃ ቤት የከፈተ ጎልማሳ ነው። ዱባይ ያለ ዘመዱ፣ ውጭ አገር ሳይሸጡ የቀሩ ሲዲዎችን በካርቶን ይልክለታል። ኦሪጅናል ናቸው፤ ግን የአንዳንዱ ማቀፊያ ጥጉ ላይ በመጋዝ ተነክቷል፣ የአንዳንዱም ተሰንጥቋል። በቅናሽ የሚሸጡት ለዚህ ነው። ሰፈሩ የሚገዛው የአገር ውስጥ ዘፈን ነው። ያንን ሁሉ ጃዝ ተሸክመን የምንሄደው እኛ ሽማግሌዎቹና እኛ የላክናቸው ሰዎች ብቻ ነበርን። እኛ ብንቀር ለኸይሩ የሚቀረው ካርቶኑ ላይ ተቀምጦ መቆዘም ነበር።

አንድ ዓርብ ቀን ከኸይሩ አንድ ሲዲ ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ ጉንጩን የነፋ ሰው ሳክስፎን ይዟል። ሱቁ ውስጥ ትንሽ አሰማኝ፤ ደስ አለኝ፤ ይዤ ሄድኩ። ቤት ገብቼ ሄድፎኔን አደረግኩ። በስፒከር አልሰማም፤ ባለቤቴ አስካለ ጃዝ ስትሰማ «ዕቃ ቤት ድመት ገብታለች እንዴ?» ስለምትል ክብሬን እጠብቃለሁ።

ፒያኖው አለ። ድራሙ አለ። ሳክስፎኑ የለም። ጨርሶ የለም እንዳልል፣ ሦስተኛ ቤት ውስጥ የሚነፋ ይመስል ከሩቅ ሽው ይላል። ሲዲውን አውጥቼ ጠረግኩት። በሸሚዜ አሸሁት። መልሼ ከተትኩት። ሰውየው ሽፋኑ ላይ ጉንጩን ነፍቶ አለ፤ ውስጥ ግን የለም።

ቅዳሜ ሻይ ቤት ገብቼ ፍርዴን ሰጠሁ። «ኮፒ ነው። እሱም ግማሽ ኮፒ!» አልኩ። የልደታ ፍርድ ቤት እዚያው አጠገባችን እያለ እኔ ተከሳሹን ሳልጠራ፣ ቃሉን ሳልቀበል፣ በአንድ ስኒ ሻይ ፈረድኩበት።

ለማረጋገጥ ብዬ ሲዲውን ለሻምበል አዋስኩት። ሻምበል ከስድስታችን አንዱ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ቢቆይም ዛሬም ሲሄድ እንደ ሰልፍ ነው፤ ዋሽቶ አያውቅም። በማግስቱ ቤቴ ድረስ መጥቶ መለሰልኝ። «እውነትህን ነው መኩሪያ፤ ሳክስፎኑ ተወስዷል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! ጓደኞቼ ከኸይሩ የገዙትን እየሰበሰቡ መለሱለት። ወሬው በሁለት ሳምንት ተክለ ሃይማኖት ደረሰ። «ያ ልጅ ኮፒ ነው የሚሸጠው» ተባለ፤ የአገር ውስጥ ዘፈን የሚገዙትም ቀሩ። በሱቁ በር ሳልፍ ኸይሩ ብድግ ብሎ «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» ብሎኝ ነበር። «ራስህን ጠይቅ» ብዬው መንገዱን ተሻገርኩ። አረማመዴ የዳኛ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የሰማችው አስካለ ናት፤ ለእኔ ነገረችኝ። በሩን ስከፍት የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ቶሎሳና ጎረቤታችን ሐጂ ከድር ቆመዋል። ጋሽ ቶሎሳ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ሐጂ ከድር አዲስ ቆብ አድርገዋል። ገቡ፤ ግን ተቀመጡ ስንላቸው አልቀመጥ አሉ።

ሁለት ሽማግሌ፣ እሑድ ጠዋት፣ ነጭ ለብሶ፣ አልቀመጥ ካለ ለምን እንደመጣ የማያውቅ አለ? አስካለ ነጠላዋን አስተካክላ የመጨረሻዋን ልጃችንን ወደ ጓዳ ገፋቻት። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ «እንግዲህ ልጅቷ ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም፤ ቢሆንም የልጁን ወገን ጠይቀን ቀጠሮ እንሰጣችኋለን» አልኩ። ድምፄን ወፈር አድርጌያለሁ።

ጋሽ ቶሎሳ ሐጂን አዩ፤ ሐጂ ጣሪያውን አዩ።

«ልጅህን ማን ጠየቀህ አንተ?» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «የመጣነው ስለ ሲዲ ነው።»

ከጓዳ ልጄ ስትስቅ ተሰማ። ያ እንኳ ለእኔ ተሰምቶኛል።

ለካ ኸይሩ ነው የላካቸው። ሱቁን ሊዘጋ ወስኗል። «ልዘጋ ነው፤ ግን ጥፋቴን ሳላውቅ አልዘጋም። በድያቸው ከሆነ ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ለሽማግሌ ሰጠኝ። እኔ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቅኩ ሰው፣ ሽማግሌ ተላከብኝ።

«ሲዲው ጎደሎ ነው፤ ሻምበልም መስክሯል» አልኩ።

ሐጂ ከድር «እንግዲያው አብረን እንስማው» አሉ። «እኛ ሙዚቃ አናውቅም። መጉደል አለመጉደሉን ግን እንለያለን።»

ሲዲውን በፌስታል ይዤ፣ የራሴን ሄድፎን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ተከተልኳቸው። ሱቁ ደንበኛ የለውም። ኸይሩ ሦስት የፕላስቲክ ወንበር ደረደረልንና ሲዲውን ከተተ። በስፒከሩ ሳክስፎኑ ጮኸ። ጋሽ ቶሎሳ «ይኸው እየነፋ አይደል?» አሉ።

«በስፒከር ያታልላል፤ ጉዱ ያለው በሄድፎን ነው» ብዬ የራሴን ሰጠሁ። የሄድፎኑ ጆሮዎች ላይ ግራና ቀኝ የሚል ምልክት አለ። መጀመሪያ ያደረጉት ሐጂ ናቸው፤ በቆባቸው ላይ። ዓይናቸው ፈጠጠ። «ላ ኢላሀ ኢለላህ! ሰውየው እዚሁ ቀኝ ጆሮዬ ሥር ነው እኮ የሚነፋው!»

ተቀበልኳቸው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ፒያኖ፣ ድራም። «የለም» አልኩ። «ይኸው የለም!»

ኸይሩ ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ እስቲ ይቅርታ፣ ግራውን ወደ ቀኝ አዙረው ያድርጉት» አለኝ።

አዞርኩት። ሳክስፎኑ ግራ ጆሮዬ ውስጥ ፈነዳ። ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። ፒያኖውና ድራሙ ደግሞ ድራሻቸው ጠፋ።

ገባኝ። በድሮ ቅጂ ሙዚቀኞቹን ግማሹን በግራ፣ ግማሹን በቀኝ ነው የሚያስቀምጧቸው። ሲዲው ላይ አንድም ሰው አልጎደለም። በስፒከር ሲሆን ድምፁ በግራ ጆሮዬም ይገባል፤ በሄድፎን ግን በቀኝ በኩል የሚመጣ ሁሉ ደጅ ቆሞ የሚቀረው የእኔ ቀኝ ጆሮ ስለተዘጋ ነው።

ሽማግሌዎቹ ገና አልገባቸውም፤ ፊቴን ነው የሚያዩት። ኸይሩ ግን ገብቶታል። አንድ ቃል ቢናገር ያልቅልኛል። እሱ ግን አቀርቅሮ የሄድፎኑን ገመድ መነካካት ጀመረ። «ገመዱ ነው መሰለኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ሲያረጅ አንዳንዴ ይቆራረጣል።»

መውጫ ሰጠኝ። እኔ ሱቁን ልዘጋበት ደርሼ፣ እሱ በር ከፈተልኝ። እውነቱን ልናገር፤ አንድ እግሬን አስገብቼ ነበር። «አዎ፣ ገመዱ ነው» ብል ሁላችንም ሻይ ጠጥተን እንለያያለን፤ የእኔ ሹመትም ይቀጥላል። ግን ቀና ስል ከኋላው መደርደሪያው ላይ ጓደኞቼ የመለሷቸውን ሲዲዎች አየሁ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ መርጬ ያስገዛኋቸው እኔ ነኝ። ገመዱ ነው ብዬ ብወጣ ጥፋቴን ለማንም አልናገርም፤ እነዚያ ሲዲዎችም ኮፒ እንደተባሉ ይቀራሉ።

«ኸይሩ፣ ገመዱ ደህና ነው» አልኩ። «የተቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ነገሩን ሳስረዳ ጋሽ ቶሎሳ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሐጂ ለጨዋነት ብለው ትንሽ ታገሡ፤ ከዚያ እሳቸውም ተሸነፉ። ተነሥቼ የኸይሩን ጉልበት ልስም ስል ትከሻዬን ይዞ አስቀረኝና «ኧረ ጋሼ፣ በአላህ!» አለ። ተቃቅፈን ይቅር ተባባልን። ጋሽ ቶሎሳ እንባቸውን ጠርገው ወሰኑ፤ «ያወራህለት ሰው ጋ ሁሉ ሄደህ በአካል ትነግራለህ። በስልክ አይሆንም፤ ስልክማ በየትኛው ጆሮህ ትሰማለህ?»

ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ በመብራት አየችና «አባባ፣ እዚህ ውስጥ ምን ሲከቱ ነበር?» አለችኝ። ከጥቂት ሳምንት በፊት ለጉልበቴ ጸበል ገብቼ ነበር። ጆሮዬ የገባው ውሃ ሲያሳክከኝ በክብሪት እንጨት ስጎረጉር ሰነበትኩ። ለካ ያለውን ቆሻሻ ሁሉ ጠቅጥቄ ቡሽ አድርጌበታለሁ። ጠብታ ሰጥታኝ በሦስተኛው ቀን በለብታ ውሃ አጠበችው። የወጣውን አልነግራችሁም፤ ምሳ በልታችሁ ይሆናል። መንገድ ስወጣ የታክሲ ረዳቶቹ ጩኸት እንዴት እንደጣፈጠኝ! አስካለም ቤት ውስጥ ማንሾካሾክ አቆመች።

ቅዳሜ ሻይ ቤት ገብቼ ተናዘዝኩ። ሳቁብኝ፤ ተገቢ ነው። ሻምበል ግን አልሳቀም።

«አንተ ታመህ ሊሆን ይችላል» አለኝ። «የእኔ ጆሮ ግን ደህና ነው። በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ሳክስፎኑ የለም።»

ይዤው ኸይሩ ጋ ሄድኩ። ሻምበል ሄድፎኑን አደረገ። ቆሞ፣ ቀጥ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው ሰማው። አወለቀው።

«አለ» አለ።

«አለ» አልኩት።

«ያን ጊዜም ነበረ?»

«ነበረ፣ ሻምበል።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እኔ እኮ… አንተ የለም ስላልከኝ ነው» አለ። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ይህ ነው። የእኔስ በክብሪት የተደፈነ ጆሮ ነው፤ በውሃ ታጥቦ ዳነ። ሻምበልን ግን ደህና ጆሮ ይዞ ያደነቆርኩት እኔ ነኝ። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የተመለሱትን ሲዲዎች ለየባለቤቶቹ ራሴ እየተሸከምኩ አደረስኩ። ተክለ ሃይማኖት ድረስ በእግሬ ሄጄ የማላውቃቸውን ሰዎች ሳይቀር «ኮፒ ያልኳችሁ ተሳስቼ ነው» አልኩ። አንዳንዱ ማን እንደሆንኩም አላወቀኝም። ኸይሩ ሱቁን አልዘጋም። ሻይ ቤትም ሰው አዲስ ሲዲ ሲያገኝ «ኸይሩ ምን አለ?» ማለት ጀመረ። ሹመቴ ተነሣ፤ እኔም ዓይኔን ገልጬ ሙዚቃ መስማት ጀመርኩ። ለካ እንደዚያም ይሰማል!

ኋላ ሰፈሩ ሲፈርስ ኸይሩ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ሲዲም ጊዜው አለፈ፤ ዛሬ የስልክ ዕቃዎች ይሸጣል። አልፎ አልፎ እጠይቀዋለሁ። በቀደም ለዓመታት ሆዴ ውስጥ የቆየችውን ጥያቄ አወጣኋት። «ያን ቀን፣ ስምህን አጥፍቼ ሳለሁ፣ ገመዱ ነው ብለህ ልትሸፍንልኝ የሞከርከው ለምን ነበር?»

ኸይሩ የያዘውን ቻርጀር ሳያስቀምጥ ሳቀ። «ጋሼ፣ እርስዎን አሳፍሬ ካባረርኩ ያንን ሁሉ ጃዝ ለማን ልሸጠው ነበር?»

ነጋዴ ነው፤ ደግነቱን እንኳ በንግድ ነው የሚያመካኘው። ግን ሲናገር እንደዚያን ቀን አቀርቅሮ ነበር። እኔም አላመንኩትም። በሁለቱም ጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ ግን አላመንኩትም።