እንጦጦ አይዞርም

አክስቴ መንገድ ሲጠየቁ «ግራ» ወይም «ቀኝ» ብለው አያውቁም። ሁልጊዜ የሚመሩት በእንጦጦ ነበር። በደርግ ጊዜ አንድ ወጣት ካድሬ ልደታ ደጃፋችን ላይ ቆሞ የቀበሌውን አዳራሽ ጠየቃቸው።

«ፊትህን ለእንጦጦ ስጥና ቀጥ ብለህ ሂድ።»

«እማማ፣ ግራ ነው ቀኝ?»

«ልጄ፣ ግራና ቀኝማ ከሰው ጋር ይዞራል። እንጦጦ ግን አይዞርም።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ንግግር ያሳስራል፤ እናቴ ክው አለች። ካድሬው ግን ተራራውን አየት አድርጎ እየሳቀ ሄደ።

ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ እንጦጦን ጋርዶታል። ደጃፉ ላይ የአክስቴ በርጩማ ባዶዋን ናት። በአክስቴ ሠልስት ያ ካድሬ፣ አሁን ሽበት የወረሳቸው አዛውንት፣ ሊያጽናኑን መጡ።

«ይህን ሁሉ ፎቅ አልፈው እንዴት አገኙን?» አልኳቸው።

በርጩማዋን አይተው ሳቁ።

«እንጦጦ መቼ ዞረና!»