አባቴ የሳቀበት ፊልም

አባቴ ከአውሮፕላን ማረፊያው የጭነት ክፍል ጡረታ ሲወጣ ጉልበቱም አብሮት ጡረታ ወጣና እኔ ጋ፣ ሰሚት ሰፈር መጣ። ኮንዶሚኒየማችን ሊፍት የለውም፤ ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው። አንዴ ከወጣ በኋላ መውረድ ለእሱ የዓመት በዓል ጉዳይ ሆነ። እኔ ሥራዬ ቤት ውስጥ ነው፤ ለድርጅቶች ጽሑፍ እተረጉማለሁ። ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ሲተክዝ ማየት ሲያቅተኝ ጊዜ ላፕቶፔን ይዤ አጠገቡ ቁጭ አልኩና ፊልም ፈለግኩለት።

የወደደው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ፊልም ገና መናገር በጀመረበት ዘመን አሜሪካኖቹ በርካሽ የሠሯቸውን፣ ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልሞች። የእኔ ናቸው የሚል ባለቤት ስለሌላቸው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ሞልተዋል። መጋረጃው ይቀየራል እንጂ ሳሎኑ ያው ነው፤ የሟች ሳሎን የነበረው ትንሽ ቆይቶ የገዳዩ ይሆናል። ማይክሮፎኑ አበባ ማስቀመጫ ውስጥ ተደብቆ ይሁን ምን ይሁን፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ለአበባው ነው የሚናገረው። አባቴ እንግሊዝኛ ስለማይሰማ እኔ ከሥር ከሥር በአማርኛ እልለታለሁ፤ የወንዱንም፣ የሴቷንም፣ የፖሊሱንም። ሰው ሲገደል ፊልሙን ያስቆመኝና ገዳዩን ይናገራል። ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ሲሳሳት ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ትርጉም ነው። እንዲህ እየተጨቃጨቅን ደህና ጊዜ አሳለፍን።

ታላቅ ወንድሜ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ደወለልኝ።

«እንዳትጮኺ» አለኝ በመጀመሪያ። ከዚያ ነገረኝ። መኪናው አዋሽ መንገድ ላይ ተገልብጧል። ወንድሜ ሞቷል። አስከሬኑ አዳማ ነው።

«ለአባትሽ ነገ ማለዳ ከሽማግሌዎች ጋር መጥተን እናረዳዋለን። እስከዚያ እንዳይሰማ። ስልኩን ደብቂው። ያንን ፊልምሽን ክፈቺለት።»

ወጉ ነው። መርዶ እንዲሁ ዱብ አይደረግም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ደግሞ አባቴ ደም ግፊት አለበት። እሺ አልኩ። ዘመዶቻችን ኢምፔሪያል ሰፈር፣ አጎቴ ቤት ተሰብስበው ይላቀሳሉ። አንድ ሰው እንኳ «እሷስ ወንድሟ አይደለም ወይ?» አላለም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፎጣ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

«ዓይንሽ ምን ሆነ?» አለኝ አባቴ።

«ሽንኩርት» አልኩትና ፊልሙን ከፈትኩ።

አንድ ሀብታም ሰውዬ ቢሮው ውስጥ በጥይት ይመታል። ምንጣፉ ላይ ተዘርሮ፣ መርማሪው ከበላዩ ቆሞ ሲፈላሰፍ፣ የሟቹ ሆድ ከፍ ዝቅ ይላል። ተቸኩሎ የተሠራ ነገር፤ ማን እንደገና ይቀርጸዋል?

«ኧረ ሬሳው ይተነፍሳል!» አለ አባቴ። ሳቀ። እስኪያስለው፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጉልበቴን ይዞ «መልሺው እስቲ» አለኝ። መለስኩለት። እንደገና ሳቀ።

«ወንድምሽ ሲመጣ ይህችን ሳያይ እንዳይሄድ» አለኝ።

«እሺ፣ አባዬ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? እስከ መጨረሻው ተረጎምኩለት። ገዳዩን አወቀው፤ ደስ ብሎት ተኛ።

ማለዳ በሩ ተንኳኳ። አጎቴ ከፊት፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ከኋላው። አባቴ ገና ሲያያቸው ገባው። ጮኸ፣ ደረቱን ደቃ፤ ሁለት ሰው ያዘው። ትንሽ ሲረጋ ወደ እኔ ዞረ።

«ትናንት ታውቂ ነበር?»

አጎቴን አየሁት።

«ልጄ ሬሳ ክፍል ተኝቶ እኔን አሳቅሽኝ።»

አጎቴ እዚያው ቆሟል። «እኔ ነኝ ያዘዝኳት» ቢል ምን ነበረበት? መሬት መሬቱን አየ። ሽማግሌዎቹም እንደዚያው።

ከዚያ ወዲህ ፊልም አላየንም። አባቴ ያቀረብኩለትን ይበላል፣ የጠየቅኩትን ይመልሳል፤ በቃ። እንደ ልጁ ሳይሆን እንደ አከራዩ ያናግረኛል። እኔም አንድ ቀን ይረሳልኛል እያልኩ ጠበቅኩ።

ዘንድሮ ክረምት ላይ የአባቴ እህት ሞተች። አጎቴ ደወለ፤ ያው ዘፈን፣ እስከ ማለዳ ደብቂ። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። አባቴ ምሳውን እየበላ ነበር። እጁን አስታጠብኩት፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ እጁን ያዝኩና ነገርኩት። ያለ ሽማግሌ፣ በእኩለ ቀን። ዘመድ ሁሉ አረመኔ ናት ይላል፤ ይበል። እኔ ይቅርታ የምጠብቀው ከእሱ ነበር።

እጁን ከእጄ አወጣ። ለእህቱ ብዙ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን በጋቢው ጠርጎ ቀና ብሎ አየኝ።

«ያኔ ይሄ አፍሽ የት ነበር?» አለኝ።