የጥንዚዛዋ ባል

ሰው እህቴ ምን እንደምትሠራ ሲጠይቀኝ «አስተማሪ ናት» ብዬ አልፋለሁ። ውሸት አይደለም፤ ኮሌጅ ታስተምራለች። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ነገር ይረዝማል። «ጥንዚዛ ትለያለች» ስል ሰውየው ይስቃል፣ እኔ እናደዳለሁ፣ ከዚያ መጣላት ነው። እኔ ብስቅባት መብቴ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ነኝ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ነው የምንኖረው። ሌላ ሰው ሲስቅባት ግን አልወድም።

ጥንዚዛ ስላችሁ ያ ድብልብሉ፣ ጀርባው የሚያብረቀርቀው እንዳይመስላችሁ። የእሷዎቹ ቀጫጭን ናቸው። ክንፋቸው አጭር ስለሆነ የታናሽ ወንድሙን ሸሚዝ የለበሰ ሰው ይመስላሉ፤ ሆዳቸው ከኋላ ተራቁቶ ይታያል። ሲነኳቸው ጭራቸውን እንደ ጊንጥ ሽቅብ ያቆማሉ፤ ለማስፈራራት ያህል ነው እንጂ ምንም አያመጡም። እህቴ ዕድሜዋን የሰጠችው ከእነሱ ውስጥ እንጉዳይ ላይ ለሚኖር አንድ ወገን ነው። ባል አላገባችም። አክስታችን በሕይወት ሳለች «ይቺ ልጅ ከሰው ይልቅ ጥንዚዛ ይመቻታል» ትል ነበር። እህቴም «ጥንዚዛ አይጨቀጭቅም» ብላ ትመልስላት ነበር።

የምትሠራው ኮሌጁ ምድር ቤት ውስጥ ነው። እኔ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነኝ፤ ናሙና የምታስቀምጥበት አሮጌ ፍሪጅ ደግሞ በየጊዜው ይቆማል፤ ስለዚህ ክፍሉን እንደ ቤቴ አውቀዋለሁ። ጣሪያው ላይ የሚያልፈው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ ባልዲ ተቀምጧል። ግድግዳው ዙሪያውን ቁም ሣጥን ነው፣ ሁሉም ነገር ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። መሳቢያውን ስትስቡት ጥንዚዛው ተደርድሮ ታገኙታላችሁ፤ እያንዳንዱ በትንሽዬ ሦስት ማዕዘን ወረቀት ጫፍ ላይ በሙጫ ተጣብቆ፣ ወረቀቱ በመርፌ ተወግቶ፣ ከሥሩ የት እንደተገኘና ማን እንዳገኘው በደቃቅ ጽሑፍ ተጽፎ። እሷ አጉሊ መነጽሯ ላይ ጎንበስ ካለች ቤቱ ቢቃጠል አትሰማም።

ዝርያውን ከዝርያው የምትለይበት ዘዴ አለ። ደረቁን ጥንዚዛ ሙቅ ውሃ ውስጥ ታለሰልሰውና በቀጭን መርፌ ከሆዱ ውስጥ የወንዱን... እንግዲህ የወንዱን ነገር ታወጣለች። ቅርጹ ለየዝርያው የተለየ ነው፤ የዚህ ቤት ቁልፍ የዚያን ቤት በር እንደማይከፍተው ማለት ነው። ገበታ ላይ ሁሉ ሳታፍር ታወራዋለች። እኔ የሰማሁትን በአፌ አልደግመውም። ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው፦ ወንዱን ሳያገኙ ለሴቷ ብቻ ስም ማውጣት በእነሱ ሙያ ትልቅ ድፍረት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ትልቁን ሥራዋን ጀመረች። ያንን የእንጉዳይ ወገን በሙሉ እንደ አዲስ አይታ፣ ማን ማን እንደሆነ ለይታ፣ ሁለት ስም የወጣለትን ወደ አንድ ስም መመለስ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ቀድሞ የወጣው ስም ይጸናል፣ የኋለኛው ይወድቃል። የኋለኛውን ያወጣው ንጉሥም ይሁን ሊቅ ለውጥ የለውም። ከሩቅ አገር ሙዚየሞች በጥጥ የተጠቀለሉ ሣጥኖች ይመጡላት ጀመር፤ ውስጣቸው ስሙ መጀመሪያ የወጣበት ያው ጥንዚዛ ራሱ፣ ቀይ ወረቀት ተሰክቶበት። ሣጥኑን ስትከፍት እስትንፋሷን ትይዛለች። ለእኔ ግን ሁሉም አንድ ናቸው።

አሁን ጋሼን ላስተዋውቃችሁ። ጋሼ የእህቴ የድሮ አስተማሪ ናቸው፤ ይህን ሙያ ያስያዟት እሳቸው ናቸው። ኮሌጁ ምድር ቤቱን የወንበር መጋዘን ላድርግ ባለ ጊዜ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ማለት ነው፣ መጥተው በሩ ላይ ቁጭ ብለው «መጀመሪያ እኔን አንሡ፣ ከዚያ ወንበሩን አስገቡ» ያሉ ሰው ናቸው። የሚያነሣቸው ጠፋ። አባታችን ከሞተ ወዲህ እህቴ አባቴ የምትለው እሳቸውን ነው፤ እኔ ጠግኜ ያቆምኩትን ነገር ሁሉ ትታ እሳቸው የተናገሩትን ነው የምታወራው። ቀናሁ አልልም፤ ትንሽ ግን ይከነክነኛል።

ጋሼ በወጣትነታቸው ከዚያው ከእንጉዳይ ወገን አንዷን አግኝተው በሚስታቸው ስም ሰይመዋታል። በእርግጥ ያገኟት ሚስትየዋ ነበሩ፤ የበሰበሰ እንጉዳይ በእግራቸው ገልብጠው። ሥዕሏንም የሣሉት ሚስትየዋ ራሳቸው ናቸው፤ እጃቸው ወርቅ ነበር ይባላል። ሚስትየዋ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ሥዕሉ በጋሼ ሳሎን ከበሩ ትይዩ ተሰቅሏል፤ ጥንዚዛዋ ክንድ አክላ፣ ከሥሯ የሚስትየዋን ስም ተሸክማ። ቤቱ የገባ ሰው መጀመሪያ ሰላም የሚለው እሷን ነው።

ወደ ኩሽናችን ልመለስ። አንድ ሰሞን እህቴ መደርደሪያውን በላስቲክ ሣጥን ሞላችው፤ በየሣጥኑ አፈር፣ ከአፈሩ ላይ እንጉዳይ፣ ከእንጉዳዩ ላይ ጥንዚዛ። እንጉዳዩ ሲበሰብስ ግማቱ አያድርስ ነው። «ወይ እኔ ወይ እነሱ» አልኳት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ። እንቁላሉ ተፈለፈለ፣ ትሉ አፈር ውስጥ ገባ፣ አንድ ጠዋት ደግሞ ጥንዚዛ ሆኖ ወጣ። ሻይ ላፈላ ስገባ ሣጥኑ ላይ አፍጥጣ አገኘኋት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንሽ እትዬ?»

«ባልና ሚስት ናቸው» አለችኝ።

«ታዲያ እንኳን ደስ ያላቸው።»

«ሚስትየዋ የጋሼ ጥንዚዛ ናት።»

ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ከጥንት ጀምሮ ራሱ ትልቅ፣ መንጋጋው ረጅም የሆነ አንድ ዝርያ ይታወቃል፤ አንድ የባዕድ አገር ሰው ጋሼ ከመወለዳቸው በፊት ስም ሰጥቶታል። የተገኘው ሁሉ ወንድ ነው። የጋሼ ዝርያ ደግሞ ራሷ ትንሽ፣ መንጋጋዋ አጭር ነው። የተገኘችው ሁሉ ሴት ናት። አይተው ለመለየት እንኳን እኔ ሕፃን ልጅም ይበቃል፤ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ኩሽናችን ውስጥ ግን አንዲት እናት ከጣለችው እንቁላል ሁለቱም ወጡ። ባልና ሚስቱን ሰው ነው በሁለት ስም ለያይቶ ያኖራቸው። ቀድሞ የተሰየመው ባልየው ነው፤ ስለዚህ የሚወድቀው የሚስትየዋ ስም ነው።

«እና አትጻፊዋ» አልኳት። «ዝም አይነቅዝም።»

«እዚያ ምድር ቤት ያለው ሁሉ ዝም ያለ ነው» አለች፤ «ሣጥኑን ሳልከፍተው የቆየሁ እንደሆነ የሚነቅዘው እሱ ነው።»

«ሽማግሌ ናቸው። ይህቺን ታህል ብትተዪላቸው ማን ይሞታል?»

«እኔ ብተወው ሌላው ያገኘዋል። ያኔ ዓይናቸው ስለደከመ ከመጽሔት ሰው ያነብላቸዋል። ያንን ነው የምትመክረኝ?»

እህቴ ፈሪ አይደለችም፤ የኮሌጁን ዲን ፊት ለፊት ስትሰድብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የፈራችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሳቸውን እንዳታጣ። ሥራዋ አልቆ ሳለ ወንዱን ትሥላለች፣ ትሰርዛለች፣ እንደገና ትሥላለች። በመጨረሻ «ነገ ትወስደኛለህ» አለችኝ። እሷ መኪና አትነዳም።

ጋሼ በሩን የከፈቱልን ራሳቸው ናቸው። ሥራዋን ልታስመርቅ የመጣች መስሏቸው ፊታቸው በራ። ሻይ ቀረበ። እህቴ ስለ ጉልበታቸው ጠየቀች፣ ስለ ጣሪያቸው ጠየቀች፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ ሳይቀር ጠየቀች። በመርፌ የሰካቻቸው ጥንዚዛዎች ያሉበት ሣጥን ጭኗ ላይ ነው። ከትከሻዋ በላይ ጥንዚዛዋ ከግድግዳው ታየናለች። እኔ ልናገርላት ምንም አልቀረኝ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ጋሼ፣ «የውሻ ነገር ልትጠይቂኝ አልመጣሽም።»

ሣጥኑን ከፍታ ፊታቸው አኖረችው፤ እናቲቱ፣ ወንዶቹ ልጆች፣ ሴቶቹ ልጆች። ጋሼ ከኪሳቸው አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው መርፌዎቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞሩ ጀመር። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ሻዬ ቀዘቀዘ።

«አንቺ ነሽ ያሳደግሻቸው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ከአንድ እናት?»

«ከአንድ እናት።»

መነጽሩን አጥፈው አስቀመጡ። «ወንዱን መጠበቅ ነበረብኝ» አሉ። «አውቄዋለሁ፤ ያኔም አውቀው ነበር። እሷ ግን መጠበቅ አትችልም ነበር። ይህንን አልጋ ላይ ሆና ነው የሣለችው፤ ትራስ ደግፈንላት። ታትሞ ሲመጣ አይታዋለች። በቃ፣ ያንን ነበር የፈለግኩት።» ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነሽ። ጻፊው።»

እዚህ ላይ ተነሥተን ብንሄድ ኖሮ ነገሩ በሰላም ያልቅ ነበር። እህቴ ግን አንጀቷ አልችል አለ። ሌላ ማንም ያልሰየማት አዲስ ዝርያ መሳቢያዋ ውስጥ አለች፤ ወንዱም ሴቷም የተገኘላት፣ እንከን የሌላት።

«ጋሼ፣ አዲሷን በባለቤትዎ ስም እሰይማታለሁ። ይህችኛዋ እንኳ ብትወድቅ...»

ፊታቸው ሲጠቁር አየሁት። ድምፃቸውን ከፍ እንኳን አላደረጉም።

«ሚስቴን ከቤት ቤት ልታዛውሪያት ነው? ይህችን ጥንዚዛ እሷ አገኘቻት፣ እሷ ሣለቻት። ያችኛዋን መቼ አየቻት? የሚስቴ ስም አንቺ ማጽናኛ ብለሽ የምትሰጪኝ ስጦታ ነው?» ተነሡ። «በሉ ሂዱ። ደክሞኛል።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። መኪናው ውስጥ ሣጥኑን እንደ ሕፃን አቅፋ አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ። እኔም ተናደድኩ፤ በእሳቸውም፣ በእሷም፣ በዚያ ስሙን ቀድሞ ባወጣው ባዕድም ጭምር። ቤት እስክንደርስ ያልተራገምኩት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ስልክ ብትደውልላቸው አያነሡም። ጽሑፉን ለመጽሔቱ አልላከችም። ወደ ምድር ቤቱ ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች፣ ትመለሳለች። «ላኪው» አልኳት። «እሳቸው ጻፊው ብለውሻል እኮ።» «ሂዱም ብለዋል» አለችኝ። ኩሽናው ጸዳ፤ ሣጥኖቹን አነሣቻቸው። እኔ የለመንኩት ይህንኑ ነበር፣ ሲሆን ግን ደስ አላለኝም።

ፍሪጁ እንደ ልማዱ ቆመ። ከኋላው ተንጋልዬ ስጠግን ደረጃው ላይ የሰው እግር ሰማሁ፤ ቀስ፣ ቆም፣ ቀስ። ብቅ ብዬ ባይ ጋሼ ናቸው። በአንድ እጃቸው የደረጃውን ብረት ይዘዋል፣ በሌላው ብብታቸው ሥር በአንሶላ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር አለ። እህቴ ከወንበሯ ብድግ ብላ እዚያው ቀረች። ጋሼም እሷን አላዩአትም፤ ወደ እኔ መጡ።

«ካቻቢቴ ይዘሃል?»

«ከሱ ሌላ ምን አለኝ ጋሼ» አልኩ።

አንሶላውን ገለጡት። የሳሎናቸው ሥዕል ነው፣ ከነመስታወቱ። የጀርባውን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታሁ፤ ኮምፕሬሰር ስፈታ እንኳ እንዲህ አልጠነቀቅም። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ እህቴ ጠረጴዛ ሄዱ።

«ወንዱን ሥለሻል?»

«ሥያለሁ።»

«ሴቷንስ?»

«አልጀመርኳትም ጋሼ።»

«አትጀምሪ» አሉ፣ ወረቀቱን ከወንዱ ሥዕል አጠገብ አስተካክለው እያስቀመጡ። «ሴቷ ይቺ ናት። ስህተቱ የእኔ ነው እንጂ ሥዕሉ ላይ ስህተት የለም። ማን እንደሣለችው ከሥሩ ይጻፍ፤ ሙሉ ስሟ።»

«እሺ» አለች እህቴ። ጋሼ የጥንዚዛዋን ስም የያዘውን የወረቀቱን ግርጌ በጣታቸው ዳበሱት፣ «ይህ ይቆረጥ» አሉ፣ ወንበር ስበውም ተቀመጡ። አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ። ሚስታቸው የሣሏትን አላዩም፤ እሷን በቃላቸው ያውቋታል። ጎንበስ ብለው የሚያዩት ወንዱን ነው።

«ይህ የፊት እግር ምንድን ነው?»

«ምን ሆነ?»

«አጣመምሽው። እንዲህ ሆኖማ ከእሷ አጠገብ አይቆምም። ድገሚው።»

እህቴ ዓይኗን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገችና አዲስ ወረቀት አወጣች።