የመርዶ ማጣሪያ

ሥርጉት ቀለሙ የተዘጋ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ኩታበር ሳለች፣ ገና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሆና፣ የአባቷን ሬዲዮ ፈታታ ስትገጥም ሦስት ብሎን ተረፋት። ሬዲዮው ግን እንደ ድሮው ያወራል። አባቷ ብሎኖቹን በመዳፋቸው ይዘው፣ «ይኸው፣ ፋብሪካው በከንቱ ያባከነውን ልጄ አተረፈችው!» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ያሳዩ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ኮምፒውተር ትጠግናለች፤ በትርፍ ጊዜዋ ደግሞ በየአገሩ የተበተኑ የወሎ ልጆች የሚጻጻፉበትን ድረ ገጽ ትንከባከባለች። ደመወዝ የለውም፤ ወቀሳ ግን ሞልቷል።

ታዲያ አንድ ቀን ጉድ መጣ። ኮምቦልቻ የምትሠራ ዘሀራ የምትባል ልጅ በምሳ ሰዓት ድረ ገጹን ብትከፍት፣ ሰው ሁሉ ለወንድሟ «አላህ ይዘንለት» ብሎ ጽፏል። መሞቱን ማንም አልነገራትም ነበር። መርዶ ዘመድና ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛውን ደግፎ ይዞ የሚያረዳው ነገር ነው፤ ዘሀራ ግን ብቻዋን ቆማ አነበበችው። ሥርጉት ይህን ስትሰማ መግቢያ ጠፋት። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር በእሷ ገጽ እንዳይደርስ ለራሷ ማለች።

ግን እንዴት? መጀመሪያ «ነፍስ ይማር»ንና መሰል ቃላትን የሚያስቀር ማጣሪያ ጻፈች። ሰዉ ግን የሻማ ሥዕል ብቻ ለጥፎ ያልፋል። ደግሞስ ሞትን ከሁሉ ከደበቁት ቀባሪው በምን ይሰማል? ስታወጣ ስታወርድ ከረመች። መላውን ያመጡት የቀድሞ የሒሳብ አስተማሪዋ፣ ጡረተኛው ጋሽ አግማስ ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ የሚጻፈውን ምን አደከመሽ? የሚያነበውን አጣሪ እንጂ!»

ነገሩ ያኔ ተፈታ። ዋናውን ፕሮግራም ሳትነካ፣ ትንንሽ ማጣሪያዎች የሚሰኩበትና የሚነቀሉበት ቦታ አበጀችለት። ሰው ሲሞት መርዶ የሚያረዱት ሽማግሌዎች አምስት መስመር ትእዛዝ ጽፈው ይሰካሉ፦ የሟቹን ስም፣ ከዚያ የዘመዶቹን። የሐዘኑ ጽሑፍ ለሌላው ይታያል፤ ከዘመዶቹ ዐይን ግን ይሰወራል። መርዶው ሲነገር ማጣሪያው ይነቀላል። ጋሽ አግማስ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ትእዛዝ መጻፍ ለመዱ፤ ጥያቄያቸው ግን አላልቅ አለ።

«የጡት ልጅ ዘመድ ነው? የክርስትና ልጅስ? አማቹ እስላም የሆነ እንደሆነ ከየትኛው ወገን ነው የምጽፈው?»

ሥርጉት ጮቤ ረገጠች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምትወደው፤ ለእያንዳንዱ አዲስ መስመር እየጨመረች ሁለት ወር ሙሉ ከእሳቸው ጋር ስትከራከር ቆየች። ከዚያ ወዲህ በድረ ገጹ ማንም ብቻውን መርዶ አላነበበም።

አንድ የሰኔ ማለዳ፣ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ላፕቶፗን ከፈተች። ቆጣሪው ሠላሳ አንድ አዲስ ጽሑፍ ይላል፤ ገጹ ላይ ያሉት ግን ሃያ አራት ናቸው። ደስ አላት፤ ስሕተት ማደን ነፍሷ ነው። ቆጣሪውን መረመረች፤ ደህና ነው። ገጹን መረመረች፤ እሱም ደህና ነው። ታዲያ ሰባቱ የት ገቡ? ወደ ማጣሪያዎቹ ስትሄድ ትናንት የተሰካ አንድ አዲስ አገኘች። የጻፉት ጋሽ አግማስ ናቸው። ልትከፍተው ስትል ጣቷ ባለበት ቀረ።

ሰባቱ ጽሑፎች አልጠፉም። የተሰወሩት ከእሷ ነው። ማጣሪያው ባለቤት ነኝ ማለትን አያውቅም፤ እንዲህ አድርጋ የሠራችውም ራሷ ናት። የሟቹ ስም በመጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፏል፤ አንዴ ብትጫነው ይታያታል። አልነካችውም። ፈራች።

በሩ ተንኳኳ።

«ሥርጉት፣ እኔ ነኝ፤ አግማስ። ክፈቺ ልጄ።»

ከኋላቸው የብዙ ሰው ኮቴ ይሰማል።

«መጣሁ» አለችና እጇን መቀርቀሪያው ላይ አድርጋ ቆመች። በሩ እስኪከፈት ድረስ አባቷም፣ እናቷም፣ ደጋን ከተማ ያለው ወንድሟም ገና በሕይወት ነበሩ።