ከንቲባውን ያስነሣ ሰላምታ

ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ በመጣሁ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሆም ኬር ሥራ፣ ማለትም አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ሄዶ የመንከባከብ ሥራ አገኘሁ። የአትላንታ ዳርቻ በሆነችው ዱሉዝ ወደሚኖሩ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ቤት ላኩኝ። ስትሮክ አግኝቷቸው እግራቸው ደክሟል፤ ከዊልቸር አይነሡም ተባልኩ።

ሴት ልጃቸው በሩን ከፈተችልኝ። እንደ አገሬ ልማድ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ ውስጥ ዊልቸር ላይ ለተቀመጡት ሽማግሌ እጅ ነሣሁ። ሽማግሌው የዊልቸሩን ክንድ ጨብጠው ለመነሣት ታገሉ። ደነገጥኩ።

«ኧረ በእግዚአብሔር! አይነሡ!» አልኩ፣ በአማርኛ።

እሳቸው ግን ከመቀመጫቸው ትንሽ ብድግ ብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው መልሰው ተቀመጡ።

ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። «እንቅስቃሴ የምታሠራቸው ቴራፒስት እንዲነሡ ስንት ጊዜ ለምናቸው እምቢ ብለዋል» አለችኝ።

ምሳ ሳሞቅ ታሪካቸውን ነገረችኝ። በአገራቸው የአንዲት ትንሽ ከተማ ፖለቲከኛ ነበሩ። እዚያ ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ጠዋት ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆሞ ሥራ ለሚሄደው ሁሉ እጅ ይነሣል። አባቷ ለምክር ቤት ተወዳድረው ተሸነፉ፤ በማግስቱም እዚያው በር ላይ ተገኙ። ኋላ ተመረጡ፤ ከዚያም ከንቲባ ሆኑ። ከንቲባ ሆነውም በዝናብ በበረዶ ከበሩ አልጠፉም።

«ላልመረጧቸውም እጅ ይነሣሉ?»

«ለእነሱማ ይበልጥ ዝቅ ይላሉ!» ብላ ሳቀች። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «ሐኪሙ ተመልሶ ሲያያቸው በራሳቸው መቆም ካልቻሉ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ማስገባቴ ነው። ብቻዬን አልቻልኩም። እሳቸውም ያውቃሉ።»

ዐቢይ ጾም ነበር፤ ጉልበቴ በስግደት ተፍታቷል። ቴራፒስቷ የሰላምታውን ነገር ስትሰማ ደስ አላት፤ ወገባቸው ላይ ቀበቶ አስራ አያያዙን አሳየችኝ። ከዚያ ወዲያ ወጥ ቤት ደርሼ በተመለስኩ ቁጥር በአንድ እጄ ቀበቶውን ይዤ ጎንበስ እላለሁ፤ እሳቸውም ይነሣሉ። በልቤ «ጌታ ሆይ፣ ጉልበታቸውን አጽናልኝ» እላለሁ።

«አሁን ተያይተን የለም እንዴ?» አሉኝ አንድ ቀን፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

«አባባ፣ ሩቅ አገር ደርሼ መጣሁ።»

«እንግዲያው ትመርጪኛለሽ?»

«ከቆሙልኝ!»

እየሳቁ ተነሡ።

የቀጠሮው ቀን ደርሶ ሐኪሙ በጠዋት መጣ። በሩን ሲያልፍ ማንም ሳይነግራቸው ተነሡ። እጄን ዘርግቼ ጠበቅኳቸው፤ አልነኩኝም። ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ፣ ተመልሰውም ቀና አሉ። ሐኪሙ ቦርሳውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ እንደ እሳቸው ጎንበስ አለ።

«እቤታቸው ይቆዩ» አላት ልጅቱን። እሷ አለቀሰች። እኔ እልል አልኩ።

እሱ ሲሄድ «ወደ ውጭ» አሉን። መደገፊያቸውን ይዘው፣ እኛ ግራና ቀኝ ሆነን፣ ቀስ እያሉ መንገድ ዳር ካለው የፖስታ ሳጥን ደረሱ። ሰው ወደ ሥራ የሚጣደፍበት ሰዓት ነበር። ለሚያልፈው መኪና ሁሉ እጅ ነሡ። አንዱ ሹፌር ጥሩምባ ነፋ፤ ሌላዋ በመስኮት እጇን አውለበለበች።

«አባዬ፣ ደግሞ የምን ምርጫ ነው?» አለች ልጃቸው።

«አልቋል» አሉ። «አሸንፌያለሁ።»

እኔም ፈጣሪዬን እያመሰገንኩ፣ ከጎናቸው ቆሜ ለሚያልፈው ሁሉ ጎንበስ አልኩ።